የቦ አጭር እግር

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ከሥራ ስሰናበት፣ ልጄ ኢዮብ መስታወት ላይ የታተመ ፎቶዬን በስጦታ አመጣልኝ። ከሥሩ «ለአባታችን፣ ለረጅም ዘመን አገልግሎት» ይላል። አገላብጬ አየሁት።

«ማን ሠራው?» አልኩ።

«ማሽን ነው አባዬ። ፎቶውን ትሰጠዋለህ፣ በአሥር ደቂቃ ያወጣልሃል።»

«እንግዲያው ማሽኑን አመስግንልኝ።»

ልጁ ፊቱ ጥቁር አለ። ባለቤቴ «ስንት ዓመት ነሐስ ስትሞርድ ምላስህ ሞረድ ሆኖ ቀረ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በነጋታው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ግን አልነገርኩትም። በቃል ብነግረው ስብከት ይሆናል፤ ስብከቴን ደግሞ ቤተሰቤ ጠግቦታል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ የነሐስ ሜዳልያ ነው፤ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ የአንዲት ሴት ፊት ያለበት። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያበላሸሁትም እሱን ነው።

የተወለድኩት ዓለም ጤና አጠገብ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጎረምሳ ሆኜ ናዝሬት ከመጣሁ በኋላ ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው። ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ቡና ቤት። ከቃላት ሁሉ አስቀድሜ ማንበብ የቻልኩት «ቤት» የሚለውን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቼን አራቱንም ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ መማሬ ኩራቴ ነበር። ኩራት ደግሞ እንደ ነሐስ ነው፤ በልኩ ሲሞቅ ይቀረጻል፣ ከልክ ሲያልፍ ያቃጥላል።

መጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ፈታሁ። ከዚያ የውሃ ፓምፕ ዕቃ የሚያቀልጥ ቤት ገባሁ። የመቂና የዓለም ጤና ሽንኩርት አምራቾች ፓምፓቸው ሲሰበር የዘንጉን የነሐስ ቀለበት ይዘው እኛ ዘንድ ይሮጣሉ። ሽንኩርት ውሃ ሲጠማው ባለቤቱን ያሳብደዋልና ሥራው ጥድፊያ ነበር። እዚያ አለቃዬ የነበረው ሰው ስድብ እንጂ ምስጋና አያውቅም፤ ነገር ግን የቀለጠ ነሐስ በቀለሙ ለይቶ መቼ እንደሚፈስ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያንን ከስድቡ መሐል ለቅሜ ያዝኩ። መልካሳ ሁለት ዓመት የእርሻ መሣሪያ ጠገንኩ። ደመወዙ ቤት ያኖር ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ወደ ናዝሬት ስመለስ አቶ ሸምሱ ከሚባሉ ነጋዴ ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ደወል፣ የበር እጀታ፣ የመሥሪያ ቤት ስም ሰሌዳ፣ አልፎ አልፎም ሜዳልያ እንሠራ ነበር። ጋሽ ሀብቴን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። አጭር ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው ወፍራም ሆነው የሚሠሩት ሥራ ግን የቀጭን ጣት ነበር። ሰም ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ፤ አንድ ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በውሃ ብቻ። «የሳሙናው ሽታ ሰሙ ላይ ይቀራል» ይሉ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔም እስክሰናበት ድረስ እንደዚያው ሳደርግ ኖርኩ።

የሰው ፊት ሲሠሩ ሰውየውን ወንበር ላይ አያስቀምጡትም። «ተቀመጥ ብለህ ያየኸው ሰው ተቀማጭ ሰው ነው» ይላሉ። ሥራው ቦታ ሄደው ጥግ ይዘው ያዩታል። ሲጀምሩም ከአፍንጫ አይጀምሩም፣ ከጆሮ ነው። «አፍንጫ ባለቤቱን ሊያስመስል ይሞክራል። ጆሮ ማንም ስለማያየው አይዋሽም።»

ሜዳልያ ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ወር የአንድ ሽማግሌ ፊት ያለበትን ሰጡኝና «ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ጢም» አልኩ።

«የገበያ ዝርዝር ነው የነገርከኝ። መስኮቱ ጋ ሂድ።»

መስኮቱ ጋ ወስደው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያዙትና በዝግታ አዞሩት። የሽማግሌው ጉንጭ ተነሣ፣ ወደቀ። ከዓይኑ ሥር ቀጭን ጥላ መጣችና ሄደች። ያን ጊዜ ገባኝ። የፊቱ ከፍታ ተደራርበው ከተቀመጡ ሁለት ሳንቲሞች ውፍረት አይበልጥም፤ በዚያች ውፍረት ውስጥ ግን ጆሮው ከጉንጩ ኋላ ነው፣ ጉንጩ ከአፍንጫው ኋላ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ቀስ እያለ ሜዳው ውስጥ ይሰምጣል። ሜዳ የምንለው ከፊቱ ዙሪያ ያለውን ዝርግ ቦታ ነው። ያልተማረ እጅ የፊቱን ዳር በመሮ ቆርጦ ያቆመዋል፤ ፊቱም እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። ጋሽ ሀብቴ ግን ዳሩን አንዳንድ ቦታ ያጠፉታል፤ ግንባሩ የት እንደሚያልቅ፣ አየሩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። የጎደለውን የሚሞላው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ከአቶ ሸምሱ ጋር የሚያጋጫቸውም ይኸው ነበር። አቶ ሸምሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ያላበራ ነገር ግን ያለቀ አይመስላቸውም።

«ሀብቴ፣ ይሄ ነገር ገና አልተወለወለም እንዴ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አያበራም?»

«ሰውየው ስለማያበራ።»

አቶ ሸምሱ ስቀው ይሄዳሉ፤ ጋሽ ሀብቴ ግን አይስቁም። ውልወላ ብዙ ጊዜ የሌባ ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። የሚያንጸባርቅ ዕቃ ዓይንን ስለሚመታ ጉድለቱ አይታይም። ጠየም ያለ ነሐስ ግን የሚደብቅበት የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቡልቡላ ሽማግሌዎች መጡ። ግማሹን ከተማ ያዋለዱ ነርስ ጡረታ ሊወጡ ነውና ሕዝቡ ፊታቸው ያለበት ሜዳልያ ሊሰጣቸው ፈልጓል። ሴትየዋን ሁሉም ሰው የሚጠራቸው «ሲስተር» እያለ ነው። ስማቸው ቦንቱ ነው። ጋሽ ሀብቴ ያን ጊዜ ሕመም ጀምሯቸው ነበር፤ ቢሆንም ቡልቡላ ወርደው ሁለት ቀን ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ዋሉ። ሲመለሱ በሰም የተሠራ ፊት ይዘው መጡ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው። ሴትየዋ ከጎን ይታያሉ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ጆሮው ከሻሹ ግማሹን ብቻ አውጥቷል። የታችኛው ከንፈር በትንሹ ወደ ውስጥ ተስቧል፤ ሰው በልቡ ሲቆጥር እንደሚያደርገው። አንገታቸው ላይ ሁለት መስመር አለ። ብርሃን ከግራ ሲመጣ የደከሙ አሮጊት ናቸው። ከቀኝ ሲመጣ ግን ድካሙ ይጠፋና አንድ ነገር በጥንቃቄ የምታዳምጥ ሴት ትሆናለች። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ጋሽ ሀብቴን «ምን እየቆጠሩ ነው?» አልኳቸው። «ምጥ መሐል ያለውን ፋታ ነዋ» አሉኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆጥሩ ነው ያየኋቸው።»

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ሀብቴ ዐረፉ። ፊቱ የመጨረሻ ሥራቸው ሆነ። ስም መጻፍና ማቅለጥ ለእኔ ቀረ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በሰሙ ፊት ላይ ጀሶ ይፈሳል፤ ጀሶው ሲደርቅ የፊቱን ግልባጭ ይይዛል። ግልባጩ ላይ ፊደል ሲቆፈር ነሐሱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ፊደሉ በመስተዋት እንደሚታየው ተገልብጦ መቆፈር አለበት። ከዚያ ጀሶው ውስጥ አዲስ ሰም ይፈሳል፤ ያ ሰም ጭቃ ይለብስና እሳት ሲነካው ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ነሐሱ ይገባል። ሰምና ወርቅ እያለ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ሰሙ ሲፈስ ቆሞ ያየ ግን ጥቂት ነው።

«ቦንቱ» የሚለውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ገልብጬ ጻፍኩ። አሁን አንባቢ ልብ ይበል። «ቦ» ቀኝ እግሩ አጭር ነው። ሲገለበጥ ግራ እግሩ ያጥርና «ባ» ይመስላል። በማግስቱ ወረቀቱን አንስቼ ልቆፍር ስል ዓይኔ «ባ» አየ። «አይ ደጉ፣ ተሳስተሃል» አልኩ ለራሴ። አረምኩት። ትክክለኛውን አርሜ አጠፋሁት።

ሰሙ ሲወጣ ቤት ይዤው ገባሁ፤ ልጄ ራሔል ነበረች። አስተማሪ ናት። «አባዬ፣ ከመቅለጡ በፊት ላንብብልህ?» አለችኝ።

«ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ አንቺ ልታነቢልኝ?»

ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሰሙን አየሁት፤ ያየሁት ግን የተጻፈውን አልነበረም፣ የማውቀውን ነው። ጀሶው ሰሙን ሲለቅ ተሰንጥቆ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰምም ከጀሶው ሲወጣ ተበላሽቷል። ያ ፊት ከነሐሱ በስተቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልነበረም።

የሽልማቱ ቀን ቡልቡላ ሄድኩ። ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል። ድምፅ ማጉያ የያዘው ወጣት ሜዳልያውን አንስቶ ጮክ ብሎ «ለሲስተር ባን...» አለና ቆመ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ እንደገና አየው። «ባንቱ» አለ ቀስ ብሎ።

«በማን?» አለ አንዱ ከኋላ። «በአንቱ ነው በአንተ?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። ሲስተርም ፈገግ ብለው ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ሜዳልያውን ለማንም ሳያሳዩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሰው ሲበተን ሲስተር አስጠሩኝ።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ፊቱን ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ፊደሉን እኔ ነኝ። ሲስተር፣ የአንዲት እግር ነገር ነው...»

«አንዲት እግር ስታጥር ሰውም ያነክሳል አቶ ደጉ።» ወንበር አሳዩኝ። «ቦንቱ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ኩሩ፣ ክብሯን ያወቀች።»

«ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መዝጋቢው ‹ለመጻፍ ያስቸግራል› ብሎ በላይነሽ አለኝ። ሦስት ዓመት በላይነሽ ሲባል አቤት አልኩ። አባቴ ሰምቶ፣ ከብቱን ትቶ መጥቶ፣ መዝገቡ ፊት ቆሞ አስመለሰልኝ። ፊደል አያውቅም። መዝጋቢውን አሥር ጊዜ አስነበበው። ከዚያ ወዲያ ነርስ ሆንኩ፤ ሲስተር ሆኜ ቀረሁ። ስሜ የሚጻፍበት አንድ ነገር መጣ ብዬ ነበር።»

ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንዲህ ነው የተናገሩት፤ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያስረዱ።

«በሁለት ሳምንት አስተካክዬ አመጣዋለሁ» አልኩና ወሰድኩት።

እዚህ ላይ ልጆቼ የማያውቁት ነገር አለ። ነሐስ ላይ ያለ ፊደል እግሩ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። በእሳት ልበይደው ብል ሙቀቱ የፊቱን ቀለም ይለውጠዋል። ስለዚህ ከሜዳልያው ላይ አዲስ ጀሶ አንስቼ፣ ፊደሉን አስተካክዬ፣ ሁለተኛ አቀለጥኩ። ስሙ ጥርት ብሎ ወጣ። ፊቱ ግን ሳምንት እንደታጠቡበት ሳሙና ሆነ። የከንፈሯ ስበት የለም። የአንገቱ መስመሮች ተዋህደዋል። ብርሃን ከግራም መጣ ከቀኝ ያው አንድ ሴት ናት፤ ማንም ልትሆን ትችላለች።

ምን አደረግሁ? ወለወልኩት። መስተዋት እስኪመስል ድረስ። አቶ ሸምሱ አይተው «አሁን ገና ሥራ ሠራህ!» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ምስጋና አሳፍሮኝ አያውቅም።

አዲሱን በሣጥን አድርጌ ቡልቡላ ወረድኩ። አሮጌው ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አልሸሽግም። ለራሴ ላስቀረው ነበር። የጋሽ ሀብቴ የመጨረሻ ፊት ለእኔ ይገባል፣ የሚያየው ዓይን ያለው እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ሲስተር ስሙን ይወስዳሉ፣ እኔ ፊቱን። ክፍፍሉ ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር።

ሲስተር ሣጥኑን ከፍተው አዩ። ሜዳልያውን ወደ በሩ ይዘው ሄዱ፣ ወደ ብርሃኑ። ማንም ሳያስተምራቸው አዘነበሉት።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«አይደለሁም። የእኔ ስም ያላት ሴት ናት። ያኛው የት አለ?»

«ቀለጠ» አልኩ።

ፊቴን መረመሩ። «አቶ ደጉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‹አላመመኝም› የሚሉ ሴቶችን ፊት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ ስንት ጊዜ እንደገረፍኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሜዳልያውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ለራሴ ላስቀረው እንደነበረም ነገርኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጋሽ ሀብቴ በረንዳዬ ላይ ሁለት ቀን ሲቀመጡ አንድም ነገር አልጠየቁኝም» አሉ። «አሁን ገባኝ። ፊቴንም ስሜንም ነው የምፈልገው። መንገድ የለውም?»

«አንድ አለ። «ባ»ን በመሮ ቆርጬ አንስቼ፣ በቦታው «ቦ»ን በቅዝቃዜ፣ ያለ እሳት መትከል። ፊደሉ ግን አገጭዎ ሥር ነው። መሮው ጥፍር ያህል ቢያመልጠኝ ፊቱ ይጫራል፤ ከተጫረ ደግሞ መመለሻ የለውም። ቢሳካም መጠገኑ ይታያል።»

«ይታይ። ከዚህ ግን ይዘውት አይሄዱም። እዚሁ ይሥሩት።»

አብረን መንገድ ዳር ወዳለው የገመቹ ጋራዥ ሄድን፤ ዕቃ ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ አለው። ገመቹ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ ሲስተር!» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ዘይት የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እሱንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ሜዳልያውን በቆዳ ጠቅልዬ ሞርሳው ላይ አሰርኩት። መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ሁለተኛውን ሜዳልያ በመጋዝ ቆርጬ «ቦ» የምትለዋን ብቻ አወጣሁ፤ ከኋላዋ ሁለት ትናንሽ እግር ሞረድኩላት። የቀረውን ገመቹ ብረት ጥራጊው ላይ ወረወረው። ከዚያ ወደ እውነተኛው ዞርኩ።

መሮው አገጩ ሥር ሲደርስ መዶሻዬ አየር ላይ ቀረ። ዓይኔ ያን ጊዜም መድከም ጀምሮ ነበር።

«ትንፋሽዎን ይዘዋል» አሉ ሲስተር ከጎኔ። «አይያዙ። ቀስ ብለው ያስወጡ። ሲያስወጡ ይምቱ።»

«ሲስተር፣ ሊያዋልዱት ነው እንዴ?» አለ ገመቹ።

«አንተ ዝም በል፤ አንተም ስትወለድ በእግርህ ነው የመጣኸው።»

ሳቅኩ። ስስቅ የያዝኩት ትንፋሽ ወጣ። ትንፋሼን እያስወጣሁ መታሁ፤ ሲስተር በልባቸው ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ሲሳብ በጎን አየሁት፤ ያው ራሱ ነበር። «ባ» ተነሣች። ሁለት ጉድጓድ ሠራሁ፣ «ቦ»ን ተከልኩ፣ በትንሿ መዶሻ አጠበቅኩ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ያንስ ነበር፤ ስለዚህ «ቦ» ከእኅቶቿ ከ«ን» እና ከ«ቱ» ጥቂት ታንሳለች። ቀለሟም ቀላ ይላል። ዙሪያዋ ስንጥቅ የመሰለች መስመር አለች። ለመሸፈን ሞረዱን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የሠራሁት ጥፋት እንደሆነ፣ የጠገንኩትም እኔ እንደሆንኩ ያየው ሁሉ ይወቀው።

ፊቱ አልተነካም።

ፈትቼ ሰጠኋቸው። ሲስተር ሳያዩት መልሰው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያንብቡልኝ» አሉ።

«ሲስተር፣ መነጽርዎ...»

«መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነው። እርስዎ ያንብቡ።»

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ታፔላ ሥር ቆሞ እንደሚንተባተብ ሰው፣ አንድ በአንድ አየሁት። «ቦንቱ» አልኩ።

«አልተሰማኝም።»

ገመቹ የያዘውን ብሎን አስቀመጠ። እኔም ሰው ከወንዝ ማዶ እንደሚጠራ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ቦንቱ!»

«አቤት» አሉ።